ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ወደ አኒሜ ኮንቬንሽን ልወስደው አስቤአለሁ፤ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለኝ፤ ኦቲዝም አለበት። ይናገራል፤ ሲደክመው ወይም ሲጨነቅ ግን ቃል ይጠፋበትና በታብሌቱ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እየነካ የሚፈልገውን ይነግረኛል። ታናሽ እህቱ ስድስት ዓመቷ ነው።

ይህ ልጅ አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ይወዳል። መውደዱ እንደ ሌሎች ልጆች ዓይነት አይደለም። የገጸ ባሕርያቱን የዘር ሐረግ ያውቃል፤ በየትኛው ክፍል ላይ የማን ልብስ ቀለሙ እንደተቀየረ ይነግራችኋል። ሲሥላቸው ደግሞ የጫማቸውን ማሰሪያ ሳይቀር አይዘልም። ስለ ትምህርት ቤት ውሎው ብጠይቀው አንድ ቃል አላወጣም፤ ስለእነርሱ ስጠይቀው ግን ቀና ብሎ ዓይኔን እያየ ያወራኛል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የክፍል ጓደኛው ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ትልቁ የኮንቬንሽን ማዕከል የአኒሜ አድናቂዎች እንደሚሰበሰቡ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ድረ ገጻቸውን ሳየው ጩኸት የበዛበት ሰው ገብቶ የሚያርፍበት የጸጥታ ክፍል እንዳላቸው፣ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚስተናገዱበት ጠረጴዛም እንዳለ ተጽፏል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

የምፈራውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከበሮው አይረብሸውም፤ እንዲያውም እየተወዛወዘ ያዳምጠዋል። ማይክራፎኑ በድንገት ሲያፏጭ ግን ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሣውም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ያለው የእጅ ማድረቂያ ማሽን ገና ከበሩ ላይ ያስመልሰዋል። ያለ ሰው እጅ በራሱ ጊዜ ውኃ የሚለቀው መጸዳጃም እንደዚያው ነው። ሰልፍ አይችልም። ሰው ከኋላው ሲነካው ይደነግጣል። ባለፈው ሠርግ ላይ ሲበዛበትና ሲጮኽ አንዲት ዘመዳችን «ልጅሽን ሥርዓት አስተምሪው» አለችኝ፤ እኔም እርሱን አቅፌ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የጸጥታ ክፍል የሚሉት ነገር በእርግጥ ይረዳል ወይስ ለስሙ ብቻ ነው? አስቀድሜ ምን ላዘጋጅ? እህቱንስ አብሬ ልውሰዳት? እባካችሁ በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

ቴራፒስት ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር የምሠራ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ፤ ልጆች የዕለት ተዕለት ነገሮችን ራሳቸው ማድረግ እንዲችሉ እረዳለሁ። በኮንቬንሽኖች ላይም በጸጥታ ክፍል ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ውሰጂው። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ስለ ልጅሽ የጻፍሽውን አንብቤ ነው።

ክፍሉ ለስሙ ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ እንደ አዘጋጆቹ ይለያያል። በደንብ የተዘጋጀው ከዋናው አዳራሽ ራቅ ያለ የስብሰባ ክፍል ነው። የጣሪያው መብራት ጠፍቶ ጥግ ላይ የቆመ አንድ መብራት ብቻ ይበራል። ትራስ፣ ምንጣፍ፣ ወደ ግድግዳ የዞሩ ወንበሮች ይኖሩታል። በስልክ ማውራትና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። በር ላይ የሚቆመው ሰው ራሱን በትንሹ ነቅንቆ ያስገባል እንጂ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ እኛ የምንሠለጥነው በዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልተዘጋጀው ደግሞ ከሙዚቃው መድረክ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ነጭ መብራቱ የሚጮኽ ባዶ ክፍል ነው። በየትኛው ፎቅ እንደሆነና ጎረቤቱ ምን እንደሆነ አስቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂ። የሚዘጋበትን ሰዓትም ጠይቂ፤ አዳራሹ ክፍት ሆኖ ሳለ ክፍሉ ቀድሞ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ብዙ ወላጆች ወደዚህ ክፍል የሚመጡት ልጁ ከተናወጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ራሱ ይረዝማል። ስትገቡ ከሁሉ አስቀድሞ ወደዚያ ውሰጂው፤ ደኅና ሳለ ይየው፣ ይቀመጥበት፣ የት እንዳለ ይወቅ። ከዚያ በኋላ በየመሐሉ፣ ምንም ሳይሆን፣ ተመለሱበት።

ከክፍሉ ይልቅ እኔ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ወጥቶ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለውን። ልጁ ሲበዛበት ወደ ውጭ ወጥታችሁ፣ ንፋስ አግኝታችሁ፣ እንደገና ሰልፍ ሳትይዙ የምትገቡ ከሆነ ግማሹ ችግር ተፈታ። እንዲህ ያለ ነገር በሌለበት ቦታ የተከፈለው የትኬት ዋጋ ወላጁን ይይዘዋል፤ «ይህን ሁሉ ከፍለን እንዴት እንወጣለን» እያለ ልጁን ከአቅሙ በላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ወጥቶ መግባትን ጠይቂ፤ በሰልፍ ፈንታ ተቀምጦ የሚጠበቅበት ቦታ መኖሩን ጠይቂ፤ ለአጃቢ ነፃ መግቢያ ይሰጡ እንደሆነም ጠይቂ። የሚሰጡ አሉ፣ የማይሰጡም አሉ። ስትጠይቂ አትሸማቀቂ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ኦቲዝም ያለባቸውንም ይመለከታል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸት መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ውለታ እየለመንሽ አይደለም።

አሁን ስለ ጆሮው። ከበሮውን መውደዱ፣ ማይክራፎኑን መፍራቱ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ልጅሽን የሚጎዳው የድምፁ ብዛት ሳይሆን ድንገተኛነቱና ሹልነቱ ነው። ከበሮ አስቀድሞ የሚያውቀው ምት አለው፤ የማይክራፎን ፉጨት ግን ሳይነገረው ይመጣል። ስለዚህ ዋናው መድረክ ያለበትን ትልቅ አዳራሽ ተዉት። ወደ ትናንሽ ውይይቶች ከገባችሁ ከበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ። የጆሮ መከላከያ ግዢለት፤ ሙዚቃ ማዳመጫውን ሳይሆን፣ በመሰርሰሪያ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉትን ዓይነት፣ በልጆች መጠን የተሠራ። የሥራ መሣሪያ የሚሸጡ መደብሮች አላቸው፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። ከአሁኑ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲሥል ያድርገው፤ መጀመሪያ የሚያደርገው በዚያ ቀን ከሆነ መከላከያው ራሱ ሌላ መከራ ይሆንበታል።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ ማዕከሉ እንደደረሳችሁ የቤተሰብ መጸዳጃ የት እንዳለ ጠይቂ፤ ለብቻችሁ ስለምትገቡ ሌላ ሰው ማድረቂያውን አያስጮኽባችሁም። በራሱ ውኃ ለሚለቀው መጸዳጃ ደግሞ በቦርሳሽ ውስጥ ተለጣፊ የማስታወሻ ወረቀት ያዢ። ከመቀመጫው ኋላ ያለችውን ጥቁር ዓይን በወረቀቱ ሸፍኚያት፤ ወረቀቱ እስኪነሣ ድረስ አትሠራም። ልጁ ራሱ ይለጥፈው፤ ራሱ ያንሣው። መቼ እንደሚጮኽ የሚወስነው እርሱ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለእጁ ትንሽ ፎጣ በቂ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ስትመጡ ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ ላይ አትቀይሩ፤ በኮንቬንሽን ቀን እዚያ ያለው ግፊያ ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። ፎርት ቶተን ላይ ወርዳችሁ አረንጓዴውን መስመር ያዙ፤ ቀጥታ ማዕከሉ ሥር፣ ማውንት ቨርነን ስኩዌር ያወርዳችኋል። ቅዳሜ ከሁሉም ቀን የበለጠ ሰው የሚበዛበት ነው። እሑድን ምረጪ።

ከመሄዳችሁ በፊት ከማዕከሉ ድረ ገጽና ካለፉት ዓመታት ፎቶዎች ትንሽ መጽሐፍ ሥሪለት፦ ይህ በሩ ነው፤ ይህ ቦርሳችን የሚፈተሽበት ነው፤ ይህ ጸጥ ያለው ክፍል ነው፤ በመጨረሻ ወደ ቤት እንመለሳለን። እንደ አኒሜ ገጸ ባሕርያት ለብሰው ፊታቸውን በጭንብል የሸፈኑ ሰዎችን ፎቶ ጨምሪበት፤ ከውስጥ ሰው እንዳለ ይወቅ። ስንቁንም አትርሺ። ዳቦ ቆሎ ይወዳል? ጠንከር ያለ ነገር ማኘክ ብዙ ልጆችን ያረጋጋል፤ እኔ ሁልጊዜ በኪሴ አላጣም። ምግብ ይዞ መግባት የማይፈቅዱ ቦታዎች ስላሉ ይህንንም በኢሜይሉ ላይ ጻፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች 49 በመቶዎቹ ከአራት ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወላጆቻቸው ወይም ከጥበቃ ቦታቸው ለመሄድ እንደሞከሩ አሳይቷል። ጠዋት ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ ቀን ልብሱ ፎቶ አንሺው። ስልክ ቁጥርሽን በእጅ አምባር ላይ ጽፈሽ እሰሪለት። የካቲት አካባቢ ሜሪላንድ ውስጥ ናሽናል ሃርበር ላይ ወደሚደረገው፣ ካትሱኮን ወደሚባለው ሌላ የአኒሜ ኮንቬንሽን ልትወስጂው ካሰብሽ ደግሞ የሚደረግበት ሆቴል ያለው በፖቶማክ ወንዝ ዳር መሆኑን አስቢ። እንዲህ ጠፍተው ከሚሞቱት ልጆች ብዙዎቹን የሚገድለው ውኃ ነው። እዚያ ከሆነ ያለ ሁለተኛ ትልቅ ሰው አትሂጂ እላለሁ።

እህቱን ውሰጃት፤ ግን ሌላ ትልቅ ሰው ጨምሪ። ወንድሟ ሲበዛበት እርሷም በግማሽ መንገድ ተጎትታ መውጣት የለባትም። የእርሷ ቀን የእርሷ ይሁን።

ከኮንቬንሽኑ በፊት መለማመጃ ከፈለጋችሁ ሲኒማ ቤት ጀምሩ። ኤኤምሲ የሚባለው የሲኒማ ቤቶች ድርጅት መብራቱን አብርቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ልጆች እየተነሡና እየዘለሉ የሚያዩበት ፕሮግራም አለው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ለአካባቢው ሲኒማ ቤት ባቀረበችው ጥያቄ ነው። የአንድ እናት ጥያቄ አገር ሙሉ ደረሰ። የዋሽንግተን ሙዚየሞችን የሚያስተዳድረው ስሚትሶኒያንም አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ሙዚየሙ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት የሚያስገባበት የጠዋት ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ድረ ገጻቸውን ተመልከቺ።

አባት ከቨርጂኒያ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ አዘንኩልሽ፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጩኸት የሚያሠቃየውን ልጅ በብዙ ሺህ ሰው መካከል፣ ጭንብል ባጠለቁ ሰዎች መካከል መውሰድ ለምን ያስፈልጋል? ካርቱኑን ቤቱ ሆኖ ቢያይ ምን ይጎድለዋል? እኛ ልጆቻችንን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ዘመድ ቤት ነበር የምንወስደው። እንዲህ ያለውን ሁሉ ማበረታታት ደግሞ ልጁን ከባህሉ እንዳያርቀው እሰጋለሁ። በክፉ አትይብኝ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አባቴ፣ በክፉ አላየሁብዎትም፤ ከአዘኔታ እንደጻፉ ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያንም አልቀረንም፣ ጠበልም ወስጄዋለሁ፣ ዘመድ ቤትም ሞክረናል። ነገር ግን በሄድንበት ሁሉ ልጄ ሰው የሚታገሠው እንግዳ ነው። ሁሉም ሰው ጥሩ ሰው ቢሆንም እንኳን እርሱ የሚያውቀውን የሚያውቅ፣ እርሱ የሚወደውን የሚወድ አንድም ሰው የለም። ቤት ውስጥ ቢያየው ምን ይጎድለዋል ላሉት፣ ሰው ይጎድለዋል። ጓደኛ ይጎድለዋል። ልጄ ብቻውን መሆን እንደሚወድ የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው፤ እኔ እናቱ ነኝ፣ አይወድም። ሰው ሲሰበሰብ በር ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚያይ እኔ አውቃለሁ።

ስለ ባህሉ ላሉት፣ አማርኛ ይሰማል፤ እንጀራ ሳይበላ አያድርም፤ የአያቱንም ቡና አጠገቧ ተቀምጦ ነው የሚያስፈላት። አኒሜ ይህን አይወስድበትም።

ሠዓሊው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ አሜሪካ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ አማርኛዬ ከጎደለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ኦቲዝም እንዳለብኝ የታወቀው ካደግሁ በኋላ ነው። በኮንቬንሽኖች ላይ የሠዓሊዎች መደዳ በሚባለው ክፍል ጠረጴዛ ይዤ ሥዕሎቼን እሸጣለሁ። ከቴራፒስቷ ምክር ላይ የምጨምረው ከውስጥ ሆኜ የማውቀውን ብቻ ነው።

እማማ፣ አዳራሹ ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅዎትም። መብራቱ ነጭ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ ድምፅ አይጠፋም፣ ይመለሳል። የፀጉር ስፕሬይና የፋንዲሻ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ሌላው ሰው ከሚያናግረው ሰው ድምፅ በስተቀር ሁሉንም ይተወዋል፤ እኔ የሃያ ሰው ንግግር እኩል እሰማለሁ። ከምሳ በኋላ ይብሳል። በር እንደተከፈተ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ግን ሰፊ ነው፤ መተላለፊያው ይታያል፣ ሻጮቹም ገና ስላልደከሙ ያዋራሉ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ቢመጡ እመክራለሁ።

ታዲያ ለምን እሄዳለሁ? በሌላ ቦታ ሁሉ ንግግር የሚጀምረው ስለ አየር ጠባይና ስለ ጤና ነው፤ ምን መልስ እንደሚጠበቅብኝ አላውቅም። እዚያ ግን ሰውየው የለበሰው ልብስ ራሱ የወሬው መጀመሪያ ነው። ካፖርቱን እያየሁ ስለ ቁልፎቹ ብጠይቀው ለግማሽ ሰዓት በደስታ ያስረዳኛል። እጄን ባወዛውዝ፣ እየተራመድኩ ባወራ ማንም ዘወር ብሎ አያየኝም። በዝርዝር ነገር ላይ መቆየት በሌላ ቦታ ያሳፍረኝ ነበር፤ እዚያ ያስከብረኛል።

በአንዳንድ ኮንቬንሽኖች የቀለም ምልክት ያገኛሉ፤ በመግቢያ ካርዱ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚንጠለጠል። ቀይ ማለት እባካችሁ አታናግሩኝ ነው። ቢጫ የማውቃቸው ሰዎች ብቻ ያናግሩኝ ማለት ነው። አረንጓዴ ደግሞ ማውራት እፈልጋለሁ፣ መጀመር ግን ስለሚከብደኝ እናንተ ጀምሩልኝ ማለት ነው። ይህን አሠራር ያመጡት ሐኪሞች ወይም አዘጋጆች አይደሉም፤ ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። አውትሪት የሚባለው፣ ኦቲዝም ኔትወርክ ኢንተርናሽናል የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያዘጋጀው የነበረው የኦቲዝም ሰዎች መሰባሰቢያ ላይ ሲጠቀሙበት ቆይተው ነው ወደ ሌላው ዓለም የወጣው። ኮንቬንሽኑ ባይኖረው ከቤት ሠርታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሦስት ባለ ቀለም ካርቶን ይበቃል። የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያም አለ፤ በዓይን የማይታይ አካል ጉዳት እንዳለብን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር አውሮፕላን ማረፊያዎች ያሉ ሠራተኞች ያውቁታል። በኮንቬንሽን አዳራሽ ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብዬ ግን አልምልም።

አንድ ልመና አለኝ። ሐበሻ ስታገኙ «ሰላም በል፣ ጨብጥ፣ ሳም» አትበሉት። እኔን በልጅነቴ ከሠርግና ከክርስትና ያስፈራኝ የነበረው ሙዚቃው አልነበረም፤ ከበሩ እስከ ወንበሬ ድረስ የሚጠብቀኝ የጉንጭ መሳም ነበር። ልጅ ከሩቅ እጁን ቢያነሣ ሰላምታ ነው። ኮንቬንሽን ላይ ሳያስፈቅዱ መንካትም ሆነ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው፤ በብዙዎቹ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ከጸጥታ ክፍሉ እኩል የሚያሳርፈኝ ይህ ደንብ ነው።

አዋቂዎችም ያንን ክፍል ይጠቀማሉ። ልጅዎ እዚያ ሲገባ ጢም ያበቀለ ሰው ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያገኝ አይደንግጥ፤ እኔ ልሆን እችላለሁ።

እናት ከአዲስ አበባ፦

እህቶቼና ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የኔም ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የጻፋችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እዚህ ስለ ልጆቻችን በአደባባይ ማውራት የጀመርነው በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ምክንያት ነው። የራሷን ልጅ ይዛ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ባትከፍት ኖሮ ብዙዎቻችን በራችንን ዘግተን እንቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ስታርፍ የሥጋ ዘመዴ የሞተች ያህል ነው ያለቀስኩት። ከጆይ ሌላ ነህምያ የሚባል የኦቲዝም ማዕከልም አለ፣ ሌሎችም ይሞክራሉ፤ ግን ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

እኛ ጋ ኮንቬንሽን ባይኖር ባዛር አለ። በበዓል ሰሞን ኤግዚቢሽን ማዕከል ስትገቡ እያንዳንዱ ድንኳን የየራሱን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ይጮኻል፤ በዚያ ላይ የመድረኩ ሙዚቃ አለ። ልጄ መጫወቻ መኪና ስለሚወድ ሊገባ ይፈልጋል። በሩ ላይ እንደርሳለን፣ ድምፁን ይሰማል፣ እንመለሳለን። ቴራፒስቷን ልጠይቅ፤ አዘጋጆቹን ለማነጋገር ቢፈቀድልን፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊደረግ የሚችለው የመጀመሪያ ነገር ምንድን ነው?

ቴራፒስት ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ ድምፅ ማጉያ ማጥፋት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጠዋት፣ ባዛሩ በሚከፈትበት የመጀመሪያ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ድንኳን ማጉያውን ሳይከፍት እንዲሸጥ ጠይቋቸው። በዚያ ሰዓት ገዢው ጥቂት ስለሆነ ነጋዴው የሚያጣው ገበያ የለም፤ እንዲያውም ሌላ ጊዜ የማይገቡ ቤተሰቦች ይገቡለታል፤ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። በሬዲዮና በቴሌግራም ሰዓቱ ይነገር፤ ወላጅ አውቆ ካልመጣ ዝግጅቱ ባዶውን ይቀራል። ሁለተኛው፣ የመድረኩ ሰዎች ማይክራፎን የሚፈትሹት ከዚያ ሰዓት በኋላ ይሁን። ከፍተሻ የከፋ ድምፅ የለም። ሦስተኛው፣ በር ላይ የሚቆሙትን ጥበቃዎች ለአሥር ደቂቃ አነጋግሯቸው፦ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ ልጅ ንቀት እንደሌለበት፣ የሚጮኽ ልጅ መያዝና መጎተት እንደሌለበት ይወቁ። ለክፍል የሚሆን ቦታ ቢሰጧችሁ መልካም፤ ባይሰጧችሁም በዚህ ጀምሩ።

አባት ከቨርጂኒያ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። የሠዓሊውን ልጅ ጽሑፍ ለባለቤቴም አነበብኩላት። የእህቴ ልጅ ልጅ እንዲሁ ሰው ሲስመው ይሸሻል፤ እኛ ኩራት ይመስለን ነበር። ልጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለትንሿ ልጅሽ አብሮ የሚሄድ ትልቅ ሰው ካጣሽ ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፃ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ከፈለግሽ በግል ጻፊልኝ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አባቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጽፍልዎታለሁ።

የእሑዱን ትኬት ቆርጫለሁ። የጆሮ መከላከያውን ትናንት ገዛሁለት፤ ሲሥል አድርጎት ዋለ፣ እራት ላይም አላወልቅም አለ። ለአዘጋጆቹ የምልከውን ኢሜይል ጀምሬዋለሁ፤ ምን ያህል ስለ ልጄ መናገር እንዳለብኝ ግን ግራ ገብቶኛል። የሐኪም ወረቀት ላያይዝ?

ቴራፒስት ከአሌክሳንድሪያ፦

ወረቀት ካልጠየቁሽ አታያይዢ። የልጁን የሕክምና ታሪክ ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገውን ብቻ ጻፊ፦ በሰልፍ ፈንታ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ፣ ወጥቶ መመለስ፣ የራሱን ምግብና ታብሌቱን ይዞ መግባት፣ የጸጥታ ክፍሉ የት እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ። መልሳቸውን አትመሽ ያዢው፤ በር ላይ የሚቆመው ሰው ኢሜይሉን ከጻፈልሽ ሰው ጋር አልተገናኘም ይሆናል። ከመላክሽ በፊት እንዳየው ከፈለግሽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ ልጆቼ ከተኙ በኋላ አነበዋለሁ።

ሠዓሊው፦

የሠዓሊዎች መደዳን ካርታ ኮንቬንሽኑ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ያወጡታል። እንደወጣ የጠረጴዛዬን ቁጥር እዚሁ እጽፍልዎታለሁ። ከጠረጴዛዬ ኋላ አንድ ትርፍ ወንበር አለኝ፤ ልጅዎ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ መሣል ከፈለገ ይቀመጥበት።